ብዛት ራሱን የሚገድበው እንዴት ነው? በአይል ሮያል ደሴት ደን የሙስ፣ የተኩላና የፈር ዛፍ ጉዳይ

በደን ውስጥ የአንድ ዝርያ ቁጥር ያለ ገደብ እንደማያድግ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚነሣው ገደቡን የሚጥለው ምን እንደሆነ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚጥለውና ዕዳውን የሚከፍለው የትኛው ትውልድ እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ጥያቄውን በተራ ደን ውስጥ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ እንስሳቱ ሲጠብባቸው ወደ ሌላ ሸለቆ ይሻገራሉ፣ ሲመቻቸው ይመለሳሉ፣ ቆጣሪውም የሞተውን ከሄደው ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ መግቢያና መውጫው ከሞላ ጎደል የተዘጋ ደን ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ የሚገኘው አይል ሮያል ደሴት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ደሴቱ የሚሺጋን ግዛት አካል ሲሆን 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የቆዳ ስፋቱ ወደ 540 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከቅርቡ የዋናው ምድር ጠረፍ የሚለየው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ከ1940 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይተዳደራል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፤ ሙስ አይታደንም፣ ዛፍ ለእንጨት አይቆረጥም፣ በበረዶው ወራትም ለጎብኚ ዝግ ነው። ድብ የለበትም። የሙስ አዳኝ ተኩላ ብቻ ነው፤ የተኩላውም ቀለብ በአመዛኙ ሙስ ሲሆን በሞቃቱ ወራት ቢቨር የተባለው በውኃ ዳር የሚኖር ጥርሰ ስለታም እንስሳ ይጨመርበታል። ሙስ ከአጋዘን ወገን ትልቁ ነው፤ ሣር ከመጋጥ ይልቅ ቅጠልና ቀንበጥ መቀንጠብ ይቀናዋል። ቅጠል በሚረግፍበት የበረዶ ወራት በስፋት የሚመገበው ባልሳም ፈር የተባለውን፣ መርፌ መሰል ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ የማያረግፍ ዛፍ ነው። ስለዚህ የደሴቱ ጉዳይ በዋናነት የሦስት ባለጉዳዮች ነው፤ ፈር፣ ሙስና ተኩላ።

የመጀመሪያው እልቂት

ሙሶች ወደ ደሴቱ የደረሱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ሙስ ብርቱ ዋናተኛ በመሆኑ ውኃውን ዋኝተው ሳይሻገሩት አይቀሩም። የጠበቃቸው ደን ለምለም ነበር፤ የሚያሳድዳቸው ተኩላም በዚያን ጊዜ በደሴቱ ላይ አልነበረም። በ1929 እና በ1930 ደሴቱን ያጠናው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ አዶልፍ ሙሪ ሲደርስ የሙሶቹ ቁጥር በግምት ከ1,000 እስከ 3,000 ደርሶ ነበር። ሙሪ ያየው እጅ የሚደርስበት ቅርንጫፍ ሁሉ የተገፈፈበት ደን ስለሆነ፣ እንስሳቱ በቅርቡ በረሃብ እንደሚያልቁ አስጠነቀቀ። እንዳለውም በ1930ዎቹ አጋማሽ ላይ በብዛት አለቁ። በ1936 ደግሞ ትልቅ ቃጠሎ የደሴቱን ሰፊ ክፍል በላ፤ በተቃጠለው ላይ የበቀሉት በርችና አስፐን የተባሉ ወጣት ዛፎች ለተረፉት አዲስ ማዕድ ስለሆኑላቸው ቁጥራቸው ዳግመኛ አንሠራራ።

በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከእንስሳቱ ይበልጥ የተጎዳ ዕፅ አለ። ዩ የሚባለው የማይረግፍ ቁጥቋጦ ቀድሞ የደኑን ወለል በስፋት ይሸፍን ነበር፤ ሙሶቹ ከዋናው ደሴት ላይ ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም። ዛሬም በደንብ የሚታየው ሙስ በማይኖርባቸው በአቅራቢያው ባሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ሙሱ ከእልቂቱ አገግሞ ሲበዛ ዩ ግን አላገገመም፤ ይህ የማገገም ፍጥነት ልዩነት ወደፊት በፈርም ላይ ይደገማል።

ተኩላዎች የመጡት በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ሐይቁ ረግቶ ከዋናው ምድር ጋር የበረዶ ድልድይ በፈጠረ ጊዜ ነው። በ1958 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዱርዋርድ አለን አዳኝና ታዳኝን አብሮ የመከታተል ጥናት ጀመረ፤ ዴቪድ ሜክ፣ ከዚያም ሮልፍ ፒተርሰንና ጆን ቩሴቲች እያስቀጠሉት በዓለም ላይ ረጅሙ የዚህ ዓይነት ጥናት ለመሆን በቅቷል። በየዓመቱ በበረዶው ወራት በትንሽ አውሮፕላን እየበረሩ ተኩላዎቹን በቀጥታ፣ ሙሶቹን በናሙና ቦታዎች ይቆጥራሉ፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ጫካውን በእግር እያሰሱ የሞቱ ሙሶችን አጥንት ይሰበስባሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተኩላው ቁጥር በ20 አካባቢ፣ የሙሱም በመቶዎች ውስጥ ሆኖ ስለታየ ብዙዎች ደሴቱ «ሚዛኑን አገኘ» አሉ። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጅግ ያሳሳተው ቃል ይኸው «ሚዛን» የሚለው ነው። ጥናቱ በአሥር ዓመት ቢቋረጥ ኖሮ ቃሉ ሳይነካ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይቀር ነበር።

ከ2,400 ወደ 500

በ1980 ተኩላዎቹ 50 ደረሱ። ይህ ማለት በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ከ9 በላይ ተኩላ ማለት ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ አዳኝ ከፍተኛ ጥግግት ነው። በ1982 የቀሩት 14 ብቻ ነበሩ። የምግብ ማነስና በመንጋዎች መካከል የሚደረግ መገዳደል የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ ሆኖም ውድቀቱን ያከበደው የውሻ ፓርቮ ቫይረስ ሲሆን፣ በሽታው ወደ ደሴቱ የገባው ሰው ይዞት በመጣ ውሻ ሳይሆን አይቀርም።

የተኩላው እጅ ሲዝል ሙሱ ሽቅብ ወጣ፤ በ1995 ወደ 2,400 ደረሰ። ቁጥሩን ወደ መሬት ብናወርደው ለአንድ ሙስ ሐይቁና ዓለቱ ጭምር ተቆጥሮ 22 ሄክታር ገደማ ይደርሰው ነበር። ከዚያ የ1995–96 የበረዶ ወራት መጣ፤ በረዶው ጥልቅ፣ ብርዱ ብርቱ፣ ጸደዩም የዘገየ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የቀሩት 500 ያህል ሲሆኑ የአንዱ ድርሻ ወደ 108 ሄክታር ሰፋ።

በረሃብ የሞተ ሙስ በተኩላ ከተገደለው የሚለየው በአጥንቱ ውስጥ ባለው ነገር ነው። እንስሳ ሲራብ መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ይጨርሳል፣ ከዚያ በሆድ ዕቃው ዙሪያ ያለውን፤ በመጨረሻ የሚነካው የመቅኔውን ስብ ነው። የጭኑ አጥንት ሲሰበር የደህናው ሙስ መቅኔ ነጣ ያለና እንደ ሞራ የጠጠረ ነው፤ ተርቦ የሞተው መቅኔ ግን ቀልቶ፣ ስቡ ተሟጦ እንደ ዝልግልግ ፈሳሽ ይላል። መቅኔው ቀይ ከሆነ የሙሱ አካል የመጨረሻውን ጎተራ ከፍቶ ጨርሷል ማለት ነው።

ለዚህ እልቂት ጥፋተኛው የአየሩ ጠባይ ነው ወይስ ብዛቱ? በሥነ ምህዳር ትምህርት ሁለቱን በየመዝገባቸው ማስፈር የተለመደ ነው፤ ብርድና በረዶ ጥግግትን የማይመለከቱ ምክንያቶች፣ ረሃብና በሽታ ደግሞ ከጥግግት ጋር የሚያድጉ ተብለው ይለያሉ። አይል ሮያል ይህን አመዳደብ ያደበዝዘዋል። ያው በረዶ በ500 ሙሶች ላይ ቢወርድ ኖሮ እያንዳንዱ ሙስ በአቅራቢያው በቂ ፈር አግኝቶ፣ ስብ ይዞ ጸደይን ለማየት ዕድል ነበረው። በ2,400ው ላይ ሲወርድ ግን ወደ ቅርቡ ያልተቀነጠበ ቀንበጥ ለመድረስ ጥልቁን በረዶ እየጣሱ ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ በመንገድ የሚያወጡት ጉልበት ከሚበሉት ኃይል በለጠ። በረዶው ቀኑን ወሰነ፤ የሟቾቹን ቁጥር የወሰነው ግን ከበረዶው በፊት የተከማቸው ብዛት ነው።

መዥገርና አጥንት

ብዛት በራሱ እጅ የለውም፤ ሁልጊዜ በሌላ ነገር በኩል ይሠራል። ከረሃብ ቀጥሎ በደሴቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው መንገድ የብርድ ወራት መዥገር ነው። የመዥገሩ እጮች በመጸው ዕፅ ላይ ወጥተው፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሚያልፍ እንስሳ ይጠብቃሉ። ካገኙ እዚያው ላይ ሆነው የበረዶውን ወራት ሙሉ ደም ይመጣሉ፤ በጸደይ ሴቶቹ ጠግበው ይወድቁና መሬት ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሙስ ሲበዛ የሚሰፍርበት እንስሳ ሳያገኝ የሚሞተው እጭ ያንሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚፈለፈለውም ይበዛል። በአንድ ሙስ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መዥገሮች ሊሰፍሩ ይችላሉ። ሙሱ የሚያሳክከውን ገላውን ከዛፍ ጋር እየፈተገና በጥርሱ እየነጨ ፀጉሩን ያረግፋል፤ በጸደይ አንገቱና ትከሻው ተላጭቶ የሚታየው ለዚህ ነው። መብላት በሚገባው ሰዓት ያክካል፣ ደሙን ለመተካት ያለችውን ጥቂት ምግብ ያውላል፣ ፀጉሩ ባለቀበት ቆዳ ብርድ ይገባዋል። ረሃቡንና መዥገሩን ነጥሎ የየድርሻቸውን መመደብ የሚቻል አይመስለኝም፤ ሁለቱም የሚበረቱት ሙሶቹ ሲበዙ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ዝግተኛ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረውም እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ በአሥርት ዓመታት ውስጥ የብዙ ሺህ ሙሶችን አጥንት ሰብስበዋል። ጥርሱ በስሱ ተቆርጦ ሲታይ እንደ ዛፍ ቀለበት የሚቆጠር መስመር ስላለው የእንስሳው ዕድሜ ይታወቃል፤ የሞተበት ጊዜ ሲታወቅ ደግሞ የተወለደበት ዓመት ይገኛል። የኋላ እግራቸው ረጅም አጥንት ሲለካ አጠር ያለ የሆነባቸው፣ ማለት በእናታቸው ማሕፀንና በጥጃነታቸው በቂ ምግብ ያላገኙት፣ በኋለኛው ዕድሜያቸው በመገጣጠሚያ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዳሌ መጋጠሚያቸው ይሻክራል፣ ጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅልበታል፣ ሙሱም ያነክሳል። ተኩላ ደግሞ ሙሉ ጉልበት ያለውን ሙስ እምብዛም አይደፍርም፤ የሚያጠቃው በአብዛኛው ጥጃውንና አሥር ዓመት ያለፈውን ነው። እንግዲህ በብዛት ዘመን የተወለደ ሙስ፣ የተወለደበት ጥበት በአጥንቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ቀንሶ ምግብ በተትረፈረፈበት ጊዜ ለተኩላ ሊዳርገው ይችላል። የሞተበትን ዓመት ጥግግት ብቻ የሚያይ ሰው በሁለቱ መካከል ምንም ግንኙነት አያገኝም።

ወደ ላይ ያላደገው ችግኝ

ፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደሴቱ ትላልቅ ዛፎች ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ድርሻው ወደ 5 በመቶ ወርዷል። በደሴቱ ምዕራባዊ ክፍል ከሰው ጉልበት ብዙም የማይበልጥ የፈር ችግኝ ተቆርጦ ቀለበቱ ሲቆጠር ዕድሜው በአሥርት ዓመታት የሚለካ ሆኖ ይገኛል። በየዓመቱ ከበረዶው በላይ ብቅ የሚለው ጫፉ ይበላል፤ በረዶ የሸፈነው ታችኛው ቅርንጫፍ ይተርፋል። ስለዚህ ችግኙ በጎን እየተንሰራፋ፣ እንደ ተከረከመ አጥር ደፍጥጦ፣ ሳይሞትም ሳያድግም ይኖራል። ከሙሱ አፍ ለማምለጥ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር መድረስ አለበት፤ ለዚህም በተከታታይ ብዙ ዓመት ጫፉ ሳይነካ መቆየት ይኖርበታል።

የችግኞቹ ቀለበት የሙሱን ታሪክ የሚመሰክር ሌላ መዝገብ ነው። በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሙስ በበዛባቸው ዓመታት የፈሩ ቀለበት ይጠባል፣ ተኩላ በርትቶ ሙስ ባነሰባቸው ዓመታት ይሰፋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ቫይረስ የሞቱት ተኩላዎች ዱካ በዛፍ ግንድ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው።

በዕፁ በኩል ጥግግት የሚሠራበት መንገድ ግን በእንስሳቱ ከሚታየው የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚወሳሰበው። ፈር በብዛት በበቀለበት በምሥራቃዊው ክፍል ሙሶቹ ሁሉንም መድረስ ስለማይችሉ ከችግኞቹ የተወሰኑት አምልጠው ያድጋሉ፤ እዚያ ችግኞቹን የሚገድባቸው በአመዛኙ ለብርሃንና ለቦታ የሚያደርጉት የእርስ በርስ ሽሚያ ነው። በተጨማሪም ሙስ ብዙ ፈር ባለበት ቦታ ማዕዱን ለመለወጥ ሌላ ዕፅ ይፈልጋል፤ ፈር ብርቅ በሆነበት ግን ለይቶ እየፈለገ ይበላዋል። ስለዚህ ብዙ ሆኖ የበቀለው ጥላ ያገኛል፣ ጥቂት ሆኖ የቀረው ተጨማሪ ጫና ይወርድበታል። የዝርያው መመናመን በራሱ የመመናመን ምክንያት ይሆናል።

አፈሩም ከዚህ ነፃ አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሙስ በአጥር የተከለሉ ትናንሽ ቦታዎች ከአሥርት ዓመታት በኋላ ከውጭው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአጥሩ ውስጥ ቅጠሉ ቶሎ የሚበሰብስ ዛፍ በዝቶ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሙስ የማይበላው ስፕሩስ የተባለ ዛፍ ቦታውን እየያዘ ተገኝቷል። የስፕሩስ መርፌ ቅጠል ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ በአፈሩ ውስጥ ለዕፅ የሚደርሰው ናይትሮጅን ያንሳል። ሙሱ የሚወደውን እየበላ የማይወደውን አስፋፋ፤ የመሬቱ የመሸከም አቅም የሚባለውም፣ ማለት ሊመግበው የሚችለው የእንስሳ ብዛት፣ በዚሁ ምክንያት ቋሚ ቁጥር ሊሆን አልቻለም፤ የትናንቱ መንጋ የዛሬውን አቅም ቀንሶ ያስረክባል።

ጥቂት መሆንም ይገድባል

ስለ ጥግግት ሲነገር ዘወትር የሚታሰበው መጨናነቅ ነው። የደሴቱ ተኩላዎች ግን ተቃራኒውን ጫፍ አሳይተዋል። መነሻቸው በበረዶ ድልድይ የመጡ ጥቂት እንስሳት ስለነበሩ ትውልድ በትውልድ የተጋቡት በዝምድና ነው፤ የአከርካሪ አጥንታቸው መዛባት በስፋት የታየውም በዚህ የተነሣ ነው። በ1997 አንድ ወንድ ተኩላ ከካናዳ በበረዶ ተሻግሮ መጣ። ከአሥር ዓመት ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ መላው የደሴቱ ተኩላ የእርሱ ዘመድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ አዲስ ደም ሆኖ አገለገለ፤ ቆይቶ ከገዛ ልጁ ጋር ሲራባ ግን የዝምድናው ችግር በእርሱው በኩል ተመለሰ።

በ2009 ተኩላዎቹ 24 ነበሩ፤ በ2012 ወደ 9 ወረዱ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ሦስት ተኩላዎች ውኃ በሞላበት የጥንት የማዕድን ጉድጓድ ወድቀው ሞተዋል። ከ50 ተኩላ ሦስት ቢሞት በቆጠራው ላይ እምብዛም አይታይም ነበር፤ ከአሥራ ጥቂቶቹ መካከል ሲሆን ግን የመንጋን ህልውና ይወስናል። በ2016 የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሴቲቱ የወንዱ ልጅም በእናት በኩል እህቱም ነበረች። በዙሪያቸው ከአንድ ሺህ በላይ ሙስ እያለ ቁጥራቸው አልጨመረም። የምግብ ብዛት ለእነርሱ የሚፈይደው አልነበረም። ቀድሞ አዲስ ተኩላ ያመጣ የነበረው የበረዶ ድልድይም አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ብርቅ ሆኗል።

ሙሱ በተራው አንሠራራ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ 400 ገደማ ወርዶ የነበረው በ2019 ወደ 2,060 ደረሰ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከረጅም ክርክር በኋላ በ2018 ተኩላ ከውጭ ለማምጣት ወሰነ፤ በዚያው ዓመት መጸውና በ2019 ከሚኒሶታ፣ ከኦንታሪዮና ከሚሺጋን 19 ተኩላዎች ተጓጉዘው ተለቀቁ። ከመካከላቸው አንዷ ብዙም ሳትቆይ ሐይቁ ሲረጋ በበረዶው ላይ ተራምዳ ወደ ዋናው ምድር ተመለሰች። የቀሩት ተዋለዱ፣ መንጋ መሠረቱ፤ በ2024 ቆጠራ 30 ያህል ነበሩ። ሙሱ በ2022 ወደ 1,350፣ በ2023 ወደ 970፣ በ2024 ወደ 840 ወረደ።

ይህን ውድቀት በሙሉ ለአዲሶቹ ተኩላዎች የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ተኩላዎቹ በተለይ ጥጆችን በመግደል ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም፤ ሆኖም በእነዚያው ዓመታት በረሃብ የሞቱ ሙሶች ተገኝተዋል፣ የመዥገሩም ጫና ከባድ ነበር፤ የፈር ቅጠል የሚበላ የእሳት እራት እጭም ትላልቆቹን ፈሮች እያጠቃ ነበር። ተኩላዎቹ የደረሱት ቀድሞውኑ ቁልቁል መውረድ በጀመረ መንጋ ላይ ነው።

የቀረው የፈሩ ጉዳይ ነው። በምዕራባዊው ክፍል ዘር የሚሰጡት ትላልቅ ፈሮች በአብዛኛው ሙስ ደሴቱን ሳይረግጥ ወይም ገና በጥቂቱ ሳለ የበቀሉ ናቸው፤ በመቶ ዓመት ውስጥ የሚተካቸው ስላልበቀለ በእርጅና እየወደቁ ነው። ሙሱ ጥቂት ሆኖ በቆየባቸው የ2000ዎቹ መጨረሻ ዓመታት አንዳንድ ችግኞች ከሙሱ አፍ በላይ ጫፋቸውን አውጥተው ነበር፤ ዛሬ የሚጠበቀው የእነርሱ ዘር ማፍራት ነው። ሙሱ በ840 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ለአሥር ዓመት ያህል ቢቆይ ደፍጥጠው የቀሩት ችግኞች 3 ሜትሩን የመሻገር ዕድል ያገኛሉ፤ በመካከል እንደ 1980ዎቹ ያለ ሕመም ተኩላውን ቢጥለው ግን ቆጠራቸው እንደገና ከጉልበት ቁመት ይጀምራል።